አሥራ ስድስት ደብተር

ባለፈው ቅዳሜ ሱቄን ልዘጋ ስል አንድ ወጣት እያለከለከ ገባ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ሱቁ የአባቴ ነበር፣ እሱ ካለፈ በኋላ የእኔ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ወደ ማታ ላይ እግሬ ያብጥና ጫማዬ ይጠበኛል። በዚያ ሰዓት ሰው ሲገባ ፈገግ ማለቱ ራሱ ሥራ ይሆንብኛል።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ብቻ» አለኝ። «አዲስ ቤት ገብተን ነው። ለሳሎኑ መስኮት የሚሆን ጨርቅ ፈልጌ ነበር።»

«መስኮቱ ወርዱ ስንት ነው?»

ስልኩን አውጥቶ ተመለከተ። «አሥራ ስምንት ሜትር።»

ቀና ብዬ አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

«ልጄ፣ አሥራ ስምንት ሜትር?»

«በሴንቲ ሜትር ነው የለካሁት፤ ወደ ሜትር የቀየረው ስልኩ ነው» አለና እኔም በዓይኔ አይቼ እንዳምን ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

«እስቲ እጅህን ግራና ቀኝ ዘርጋ» አልኩት። ግራ እየገባው ዘረጋ። «መስኮቱ ከዚህ ይሰፋል?»

«አይ... እኩል ነው መሰለኝ።»

«እንግዲያው አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። ስትጽፍ አንድ ዜሮ ጨምረህ ይሆናል። አሥራ ስምንት ሜትር ብቆርጥልህ ኖሮ የጎረቤቶችህንም መስኮት ትሸፍን ነበር።»

ሳቀ። ለሽንሽኑ ጨመር አድርጌ ቆረጥኩለትና አመስግኖ ወጣ። እኔ ግን ወዲያው አልተነሣሁም። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ከጫማው አወጣሁና፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሙሉ ስሟ ጠርቻት የማላውቃትን የልጅነት ጓደኛዬን የሺመቤትን አሰብኳት። በሙሉ ስሟ ያልጠራኋት ስለረሳኋት አይደለም። እኛ ሁልጊዜ «የሺ» ነበር የምንላት፤ ሙሉ ስሟ የተጠራው አንድ ሰሞን፣ ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። የተማርንበት የልደታ ሰፈር ያኔ ዛሬ የምታዩት ዓይነት አልነበረም። ዛሬ ፎቆቹ የተደረደሩበት ቦታ ሁሉ ጣሪያና ጣሪያው የተነካካ የጭቃ ቤት ነበር፤ በአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ሦስተኛው ቤት ያለው ሰው ዓይን ያነባል። ትምህርት ቤታችን ዙሪያው በቆርቆሮ የታጠረ ሲሆን በር ላይ ሳምቡሳና ብስኩት የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጡ ነበር። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን ስለምንቀመጥ በክረምት ይሞቀናል፣ በበጋ ደግሞ እንተፋፈናለን።

እኔና የሺ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እሷ ሁልጊዜ የግድግዳውን ጥግ ትይዛለች። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ዓይናፋር ናት ይል ይሆናል። እውነቱ ግን ግድግዳው ላይ ተደግፋ ለመተኛት ነበር። አብነት ሰፈር አክስቷ ጋ ነው የምትኖረው። አክስቷ እትዬ ተዋበች ለቀን ሠራተኞች ምግብ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረቻት። የሺ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ከቦኖ ውሃ በጄሪካን ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ጎመን ታጥባለች፤ ከዚያ ነው ዩኒፎርሟን ለብሳ እየሮጠች የምትመጣው። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ዓይኗ ይከደናል። መምህራኑ አንዳንዶቹ ይቆጧታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰልችቷቸው ትተዋታል።

እኔ በሌላው ጫፍ ያለሁ ልጅ ነበርኩ። ስሜ ሰሚራ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነው የምወጣው። አባቴ የሽልማት ወረቀቶቼን በመስታወት አስገጥሞ ሱቁ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎቹ በላይ ሰቅሏቸው ነበር። ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ይነገረዋል።

የሒሳብ መምህራችን መምህር ታዬ ይባሉ ነበር። ረጅምና ቀጭን፣ ጠመኔ ያነጣው ቡናማ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እሳቸው የሚያስረዱን በአማርኛ ነበር። አንድ አመል ነበራቸው፤ ያ አመላቸው ክፍሉን ሁሉ ያሰለቸው ነበር። ሴንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር፣ ሊትሩን ወደ ሚሊ ሊትር፣ ኩንታሉን ወደ ኪሎ ለውጡ ባሉ ቁጥር እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት «ቆይ! መጀመሪያ ገምቱ!» ይላሉ።

«ምን ያህል ይሆናል? ብዙ ነው ትንሽ? በመቶ ነው በሺህ? በዓይነ ልቦናችሁ አምጡትና እዩት። ጫፉ ላይ ጻፉት። ከዚያ ሥሩ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ መልሱን ከግምታችሁ ጋር አስተያዩት። ካልተገናኙ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው።»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ እስከ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ በሜትር ሰጡንና ወደ ኪሎ ሜትር ለውጡ አሉ። አንዱ ልጅ ተነሥቶ «አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር» አለ።

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዘህ ነው የምትነሣው?» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ። መምህር ታዬ ግን አልሳቁም፤ ሳል ያዛቸውና ጠረጴዛውን ተደግፈው ጥቂት ቆሙ። ያን ጊዜ እኛ ሳላቸውን የአመላቸው ክፍል አድርገን ነበር የምናየው።

እውነቱን ለመናገር እኔ አልገምትም ነበር። ለምን እገምታለሁ? ማስላት እችላለሁ። ጫፉ ላይ ግምት ጻፉ ሲሉ መጀመሪያ ሠርቼ ጨርሼ፣ መልሴን ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርጌ ግምት አስመስዬ እጽፈው ነበር። የሺ ግን በዚህ ነገር ትነቃ ነበር። ረጅም ስሌት ያደክማታል፤ ማባዛቱ መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ግምት ሲባል ግን ቀና ትላለች። ስለ ሊትር ሲነሣ ጄሪካኗን ታስባለች፤ ሃያ ሊትር ምን እንደሚከብድ ወገቧ ያውቀዋል። ስለ ርዝመት ሲነሣ ከቦኖው እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ ታስባለች። ግምቷ ብዙ ጊዜ ከመልሱ ጎን ነበር የሚያርፈው። መምህር ታዬም «ጎሽ» ይሏታል፤ ከእሳቸው አፍ «ጎሽ» በቀላሉ የሚወጣ ቃል አልነበረም።

ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ከሰዓት ደግሞ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር አቧራ እስከ ትምህርት ቤታችን ይደርሳል። በዚያው ሰሞን መምህር ታዬ ቀሩ። ሳምባቸው ታሞ ሆስፒታል ገቡ ተባለ። ፈተናውን ቀድመው አዘጋጅተውት ስለነበር ተፈተንን፤ የሚያርመው ግን ጠፋ። ምክትል ዳይሬክተሩ አቶ ሰይፉ «እኔው አርመዋለሁ» አሉ። አቶ ሰይፉ ክፉ ሰው አልነበሩም። ታሪክ ነበር የሚያስተምሩት፤ ትምህርት ቤቱ ሰው ባጣበት ሁሉ እሳቸው ይሮጣሉ። የመልስ ቁልፍ ግን አልነበራቸውም፤ መምህር ታዬ ጋ ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? የእኔን ወረቀት ቁልፍ አደረጉት።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ኮሪደር ላይ አገኙኝና ትከሻዬን መታ አድርገው «ክፍሉን በሙሉ በአንቺ ወረቀት ነው ያረምኩት» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት መሬት ሳልረግጥ ነው ማለት ይቻላል።

በማግስቱ እኔንና የሺን ቢሮ አስጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተዘርግቷል። አንዱ የእኔ፣ ሌላው የየሺ ነው። ምርጫ ስለሆነ የተጻፈው ፊደል ብቻ ነው፤ ፊደሎቹም ከአንዷ በቀር እንደ መንታ አንድ ናቸው።

«የሺመቤት» አሉ። ሙሉ ስሟን ስሰማ ደነገጥኩ፤ እሷም የሌላ ሰው ስም የተጠራ ያህል ዘግይታ ነው ቀና ያለችው። «ክፍል ውስጥ ስትተኚ ነው የምትውዪው። ይኼን ውጤት ከየት አመጣሽው?»

«ሠርቼ ነው።»

«ሠርቼ? ስሌቱ የታለ? የሰሚራ ወረቀት ጀርባ ይኸው በስሌት ተሞልቷል። ያንቺ ባዶ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ደግሞ ምን ትርጉም እንዳላቸው የማይታወቁ ቁጥሮች ጽፈሻል።»

«እሱ... ገምቼ ነው።»

ይህን ባትል ይሻል ነበር። መምህር ታዬ «ግምት» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እኛ እናውቃለን። አቶ ሰይፉ ጆሮ ላይ ግን ቃሉ ሌላ ነበር።

«ገምቼ! ስትገምቺ ፈተናው ሁሉ ትክክል ሆነልሽ?» አሉና ጣታቸውን አንዷ ጥያቄ ላይ አሳረፉ። «ከሰሚራ የተለየችው ይቺ አንዷ ብቻ ናት። እሷንም ቢሆን ስትገለብጪ ተሳስተሽ ነው።»

«ቲቸር፣ ከእኔ አልገለበጠችም» አልኩ።

«አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ስትሠሪ ምን ታያለሽ? ተዪው፣ አንቺን የሚከስሽ የለም።»

ዜሮ ሊሰጧት እንደሆነ ነገሯት። በሒሳብ ዜሮ ማለት ክፍሉን መድገም ማለት ነው፤ ሚኒስትሪ አትፈተንም። ከዚያ በፊት ግን ወላጅ ታምጣ አሉ። የሺ አላለቀሰችም። «እሺ» አለችና ወጣች። ግቢው ውስጥ ተከትዬ ደረስኩባት።

«ምን ትያታለሽ እትዬ ተዋበችን?»

«ምን እላታለሁ። አንድ ቀን ካልሆነልሽ ቤት ትቀመጫለሽ ብላኛለች። ሰው መቅጠር እያሰበች ነበር፣ ይቀርላታል።» ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል።

ማታ ላይ ቤት ገብቼ መክሰስ እንኳ አልበላሁም። ያቺ የተለየችው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አስታወስኳት። «የአንድ መማሪያ ክፍል ወለል አርባ ስምንት ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ይሆናል?» አንድ ሜትር መቶ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በመቶ አባዛሁት። አራት ሺህ ስምንት መቶ። ጥርት ያለ ስሌት ነው። የሺ የመረጠችው ግን አራት መቶ ሰማንያ ሺህን ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ «ወይኔ የሺ፣ በዚህ እንኳ ተሳሳተች» ነው ያልኩት።

ከዚያ የመምህር ታዬ ድምፅ መጣብኝ። በዓይነ ልቦናችሁ አምጡትና እዩት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዴም አምጥቼ አይቼው አላውቅም። ደብተሬን አነሣሁና በማስመሪያ ለካሁት። ርዝመቱ ሃያ ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ አሥራ አምስት። ይህ ሦስት መቶ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አራት ሺህ ስምንት መቶ ለሦስት መቶ ሲካፈል አሥራ ስድስት። ያ ማለት፣ በእኔ መልስ መሠረት፣ አሥራ ስድስት ደብተር ብንዘረጋ የክፍላችንን ወለል ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።

የእኔ ስላልበቃኝ የወንድሜን ደብተሮችም ሰብስቤ ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው፤ አራት በአራት። እናቴ ከጓዳ ጎመን እየቀነጠሰች ብቅ አለች። ቤቱ የቆጮና የቅቤ ሽታ ሸቶታል።

«ምንድነው ይኼ ሁሉ ደብተር? አባትሽ ሊሰግድ ነው፣ መስገጃውን የት ያንጥፍ? አንሺው!»

አባቴ እግሩን ታጥቦ ገባና መስገጃውን ከደብተሮቹ ጎን አነጠፈ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ደብተሮቹ ሁሉ ተደርድረው ከአንድ መስገጃ አነሱ። አንድ ሰው የማይሰግድበትን ቦታ ነው እኔ ስድሳ ምናምን ልጅ የሚቀመጥበት ክፍል ነው ብዬ የመለስኩት። በመቶ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ነበር ማባዛት የነበረብኝ፤ አንዴ ለርዝመቱ፣ አንዴ ለወርዱ። ትክክሏ የሺ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ሁሉ ቁልፍ የሆነው የእኔ መልስ ስህተት ነበር።

አልዋሽም፣ ደብተሮቹን ስሰበስብ ለማንም ሳልናገር ልተወው ብዬም አስቤ ነበር። ያቺን ጥያቄ ካነሣሁ የእኔ ነጥብ ይቀነሳል። ከኋላዬ በአንድ ነጥብ ልዩነት የሚከተለኝ ኤልያስ የሚባል ልጅ ነበር፤ ለጥያቄው ምን እንደመለሰ አላውቅም። አባቴ ሰላቱን ጨርሶ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። የሺ ግድግዳውን ተደግፋ የምትተኛበት ቦታ ባዶ ሆኖ ታየኝና ቆጮውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ጠዋት ደወል ሳይደወል ቢሮው በር ላይ ደረስኩ። እትዬ ተዋበች ቀድማኝ ገብታለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሥራ ሽርጧን ከሥር እንደለበሰች ቆማለች። ቤቷን ለማን ትታ እንደመጣች እንጃ። የሺ ከጎኗ መሬት መሬት ታያለች። አቶ ሰይፉ ሁለቱን ወረቀቶች እያሳዩ ነበር።

«እኔ ፊደል አላውቅም ጌታዬ» አለች እትዬ ተዋበች። «ሌሊት ከእኔ እኩል ነው የምትነሣው። ትማር ብዬ ነው የላክኋት። ካልሆነላት ግን በቃ፣ ቤት ትቀመጥ። እኔም ደክሞኛል።»

አንኳኳሁና ሳይፈቀድልኝ ገባሁ። «ቲቸር፣ ያቺን ጥያቄ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«የቷን ጥያቄ?»

«የካሬ ሜትሯን። የሺ ናት ትክክል። ከእኔ ገልብጣ ቢሆን እሷም እኔ የጻፍኩትን ስህተት ነበር የምትጽፈው።»

አቶ ሰይፉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። የሚያምኑኝ ከሆነ ቁልፋቸው ሊበላሽ ነው፤ የማያምኑኝ ከሆነ ደግሞ የተማመኑባት ተማሪ ዋሸች ማለት ነው። ወደ የሺ ዞሩ።

«እሺ፣ አንቺ ንገሪኝ። አራት መቶ ሰማንያ ሺህን ለምን መረጥሽ?»

የሺ የዩኒፎርሟን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። እትዬ ተዋበች በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ተናገሪ እንጂ ልጄ! አፍሽን ምን ያዘው?»

የሺ ቀና ብላ የአቶ ሰይፉን ጠረጴዛ አየች። ተራ የእንጨት ጠረጴዛ ነው፤ ላዩ በወረቀት ክምር ተጨናንቋል።

«ይኼ ጠረጴዛ» አለች ቀስ ብላ፣ «ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ወርዱ ግን ሜትር አይሞላም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቢሆን መቶ በመቶ ነው፤ አሥር ሺህ ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ይኼ ወደ ስምንት ሺህ፣ ዘጠኝ ሺህ ቢሆን ነው።»

«እና?»

«የፈተናው ምርጫ ላይ አራት ሺህ ስምንት መቶ የሚል ነበር። እሱ የዚህ የጠረጴዛዎ ግማሽ ገደማ ነው። ክፍል ደግሞ የጠረጴዛ ግማሽ ብቻ ሊሆን አይችልም። አርባ ስምንቱን ሃምሳ ነው ብዬ በአሥር ሺህ ሳስበው አምስት መቶ ሺህ ገደማ መጣልኝ። ለእሱ የሚቀርበውን መረጥኩ። ጫፉ ላይ የጻፍኩትም እሱን ነው። መምህር ታዬ እንደዚያ ነው ያሉን።»

አቶ ሰይፉ ወረቀቶቹን ወደ አንድ ጥግ ገፉና ከመሳቢያቸው ማስመሪያ አወጡ። ማስመሪያዋ አጭር ስለሆነች እያነሡ እየጣሉ ጠረጴዛቸውን ከዳር እስከ ዳር ለኩት። ርዝመቱ መቶ ሃያ፣ ወርዱ ሰባ ሆነ። ወረቀት ላይ አባዙት። ስምንት ሺህ አራት መቶ። ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ የየሺን ወረቀት አነሡና ጫፍ ጫፉ ላይ የተጻፉትን፣ ትናንት ትርጉም የላቸውም ያሏቸውን ቁጥሮች፣ አንድ በአንድ ከመልሶቹ ጋር ማስተያየት ጀመሩ።

«ሆስፒታል ሄጄ ቁልፉን ከመምህር ታዬ አመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የሁሉም ወረቀት እንደገና ይታረማል። ወደ ክፍላችሁ ግቡ።»

ይቅርታ አላሉም። እትዬ ተዋበችን ግን እስከ በሩ ሸኟት። እሷ ምን እንደተፈጠረ ሙሉ በሙሉ የገባት አይመስለኝም፤ «ታዲያ ትማራለች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ትማራለች» አሏት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

በእረፍት ሰዓት ከቆርቆሮው አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቅን ቆሎ በላን። እኔ ልቤ ሊፈነዳ ደርሷል፤ እየደጋገምኩ አቶ ሰይፉ ማስመሪያዋን እያነሡ ሲጥሉ አሳያታለሁ። የሺ ፈገግ ብላ ትሰማኛለች።

«ደስ አላለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል።» ቆሎውን ከመዳፏ ወደ መዳፏ ገለበጠችው። «ግን እኮ ጠዋት ውሃ ሳንቀዳ ነው የመጣነው። ስመለስ ይጠብቀኛል።»

ከዚያ አንገቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ደወሉ እስኪደወል ተኛች። እንዳትነቃ ብዬ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ ቆየሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ኤልያስ አንደኛ ሆነ፣ እኔ ሁለተኛ። ወረቀቱን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ ለአንዲት ሴትዮ ጨርቅ እየለካ ነበር። እሷ እስክትወጣ ጠብቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«እና ሳይጠይቁሽ፣ አንቺው ራስሽ ሄደሽ ነው የነገርሻቸው?»

«አዎ።»

ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀሉት ወረቀቶች አየ፤ ከዚያ የጀመረውን ጥቅል መጠቅለል ቀጠለ። «ሂጂ፣ እናትሽ ምሳ ይዛ ትጠብቅሻለች» አለኝ። በዚያ መንፈቅ ግን ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት አልተሰቀለም።

መምህር ታዬ ከሁዳዴ መግቢያ በኋላ ተመለሱ። ከስተው ካፖርቱ ተንጠልጥሎባቸው ነበር። የሆነውን ሁሉ ሰምተዋል። በዴስኮቹ መካከል እየተራመዱ እኛ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ገመትሽ አሉ?» አሏት የሺን።

«ገመትኩ።»

«ጎሽ» አሉና አለፉ። ወደ ጥቁር ሰሌዳው እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ።

የሺ ሚኒስትሪን አለፈች። ሁለተኛ ደረጃም አብረን ገባን። ከዚያ መምህርነት ተምራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደች፣ እዚያው አገባች፣ ወለደች። እትዬ ተዋበች ስታርፍ ለቀብሩ መጥታ ተቃቅፈን አልቅሰናል። የአብነቱ ቤት ሲፈርስ ግን አልነበረችም። አሁን በዓል ሲደርስ እንደዋወላለን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም።

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስነግራቸው አንደኝነቴን ለጓደኛዬ ብዬ እንደሰጠሁ አድርገው ነው የሚወዱት። እኔም እንደዚያ አድርጌ ስነግራቸው ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ዕለት፣ ሱቁን ዘግቼ ልደታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ባቡሩ ከላይ በድልድዩ እያለፈ ሳለ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። እስከዚህ ዕድሜዬ አስቤው አለማወቄ ገረመኝ።

ያን ቀን የሺን ያዳናት የእኔ እውነት መናገር ብቻ አይደለም። ያዳናት የእኔ ስህተት ነው። እኔም ያቺን ጥያቄ በትክክል መልሼ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወረቀቶች ከዳር እስከ ዳር አንድ ይሆኑ ነበር። ያኔ ቢሮ ገብቼ «አልገለበጠችም» ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? ጠረጴዛውንስ ማን ይለካላት ነበር? እሷ ያው ራሷ ናት፤ ያው ግምቷ፣ ያው ልፋቷ፣ ያው ትክክል መልሷ። እኔ ጎበዝ በሆንኩ መጠን እሷ ሌባ ትሆን ነበር።

ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሏል። ዞር ስል ከኋላዬ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ እያንቀላፋች ነው፤ ዓይኗ ይከደንና ብንን ትላለች። ታክሲው ሲመጣ ቦታ ለቅቄላት ቀድማኝ ገባች፤ መስኮቱን ተደግፋ ወዲያው ተኛች። ማን እንደሆነች፣ ከምን ሥራ እንደመጣች አላውቅም። እስከ መውረጃዬ ድረስ ሳያት ሄድኩ።